እጁን የነጠቀው ሰውዬ ለምን ያስቃል?

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ባለፈው እትማችሁ የቀልድ አምድ ላይ ያወጣችኋትን አነበብኳት። ያው ሁላችንም የምናውቃት ናት፣ ከአገር ቤት ገና የመጣው ሰውዬ መንገድ ላይ እንደለመደው የጓደኛውን እጅ ሲይዝ ጓደኝየው መንጭቆት "ኧረ ልቀቀኝ፣ እዚህ አገር ተያይዘው የሚሄዱት እነማን እንደሆኑ ታውቃለህ?" የሚለው። ይሄን ቀልድ እዚህ አሜሪካ ከመጣሁ ጀምሮ ሰርግ ላይ፣ ክርስትና ላይ፣ ዋሽንግተን ናሽናል ኤርፖርት የታክሲ ወረፋ ስንጠብቅ ስሰማው ኖሬያለሁ፣ ጓደኝየው አንዳንዴ አብሮ አደጉ ይሆናል አንዳንዴ የገዛ ወንድሙ ይሆናል፣ መጨረሻው ግን አይለወጥም፣ ያ ምስኪን እጁ አየር ላይ ይቀርና ሁሉም ይስቃል። ቀልድ ጠልቼ አይደለም የምጽፍላችሁ። ይሄ ቀልድ ቤታችን ውስጥ ምን እንደሚሰራ ስለማይ ነው፣ እናንተ ደሞ ብዙ ቤት ስለምትገቡ ነው።

በቅርቡ አንድ ወዳጃችን ቤት ክርስትና ነበር። ተበልቶ ተጠጥቶ ቡና እስኪፈላ ወንዶቹ ቤዝመንት ወርደን ተቀምጠናል፣ አንዱ ይሄንኑ ቀልድ ጀመረ፣ ደሞ ተነስቶ እጁን እየነጠቀ እያሳየ ነው የሚያወራው፣ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ልጆቹ ደረጃው ላይ ተደርድረው ስልካቸው ላይ አጎንብሰዋል፣ አንዳቸውም አልሳቁም፣ አማርኛው ያልገባቸው ነበር የመሰለን። ከዛ የቤቱ ባለቤት ልጅ፣ አስራ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ቀና ብላ "ምኑ ነው የሚያስቀው?" አለች። አባቷ "ተይው አንቺ አይገባሽም" ሲላት "ገብቶኛል፣ ጌይ ነው እንዳይሉት ፈርቶ ነው እጁን የወሰደው። ግን ቢሉትስ ምን ይሆናል?" አለች። ለክርክር አይደለም የጠየቀችው፣ የእውነት ማወቅ ፈልጋ ነው። ከዛ ሁሉ ወንድ መልስ የሰጣት አልነበረም፣ አንዱ ተነስቶ ሙዚቃውን ከፍ አረገው በቃ።

እኛ ብዙ ጊዜ ትልልቁ ሰው ይጠላል ልጆቹ ይቀበላሉ፣ የትውልድ ልዩነት ነው ብለን ነገሩን እንዘጋዋለን። እኔ ቤት የማየው ግን እንደዛ አይደለም። ባለፈው ሰመር የእናቴ ወንድም ከደሴ መጥተው እኛ ጋ ከርመው ነበር፣ ሰባዎቹን ያገባደዱ ሰው ናቸው። አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሲልቨር ስፕሪንግ ዳውንታውን ፏፏቴው ጋ በእግራችን ስንሄድ ልጄን፣ ከሳቸው አንድ ጭንቅላት የሚበልጠውን ጎረምሳ፣ ጣቱን በጣታቸው ቆልፈው ይዘውት ስለ አያቱ ያወሩለታል። አብሮን የነበረ አንድ እኩያዬ ግራ ቀኙን አየና እርምጃውን ጨምሮ ቀድሞን ሄደ፣ ኋላ ለብቻዬ ሲያገኘኝ "ጋሼን ብትነግራቸው ጥሩ ነው፣ ሰው ያያል" አለኝ። ልጄ መኪናው ጋ እስክንደርስ እጃቸውን አለቀቀም። ማታ "አልከበደህም?" ብዬ ብጠይቀው "ምኑ?" ነው ያለኝ።

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ጋሼ ፍርሃቱ የለባቸውም፣ ወንድ የወንድ እጅ ከያዘ ወዳጁ ነው፣ ሌላ ሀሳብ አእምሯቸው ውስጥ አይመጣም። ልጄም ፍርሃቱ የለበትም፣ እሱ ጌይ ምን እንደሆነ አሳምሮ ያውቃል፣ ክፍል ውስጥ አብረውት የሚማሩ አሉ፣ አንድ አላፊ አግዳሚ እሱን እንደዛ ቢያስበው ሰማይ አይደፋበትም። የፈራው መሃል ያለነው ነን፣ በሰማንያዎቹና በዘጠናዎቹ ወጣት ሆነን እዚህ አገር የገባን፣ አሁን አባት የሆንን፣ ያን ቀልድ የምናወራውም የምንስቅበትም እኛ ነን። (ዓመተ ምህረቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው።)

ይሄን ፍርሃት ከአገር ቤት ይዘነው አልመጣንም። እዛ እያለን ወንድ ከወንድ ትከሻ ለትከሻ ተቃቅፎ ከአራት ኪሎ ፒያሳ ይወጣ ነበር፣ አንድ አልጋ ላይ ሦስት ወንድማማች ይተኛል፣ እንግዳ ከመጣ አራተኛ ይሆናል፣ ጓደኛህ አፍህ ውስጥ ጉርሻ ይከትልሃል፣ ለቅሶ ቤት ወንዱ ወንዱን አቅፎ ይንሰቀሰቃል። እዚህ ስንመጣ ያገኘነው ዘመን ግን ከባድ ዘመን ነበር። ኤድስ እዚህ አገር መጀመሪያ በጤና ሪፖርት የወጣው ሰኔ 1981 ሎስ አንጀለስ ውስጥ በታመሙ ጌይ ወንዶች ነው፣ ከዛ በኋላ ባሉት ዓመታት ሰው እነሱን መንካት ሁሉ ይፈራ ነበር። ወታደር ጌይ መሆኑ ከታወቀ የሚባረርበት ደንብ እስከ 2011 ድረስ ቆይቷል። በ1996 ፕሬዚዳንት ክሊንተን ጋብቻ የወንድና የሴት ብቻ ነው የሚለውን የፌደራል ሕግ ሲፈርም የሕዝብ አስተያየት የሚሰበስበው ጋሉፕ ባደረገው ጥናት የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን የደገፈው አሜሪካዊ 27 ከመቶ ብቻ ነበር። ቴሌቪዥኑ ላይ በየምሽቱ የሚቀለደው ስለዚሁ ነው፣ ሥራ ቦታ ፓርኪንግ ሎቱ ላይ፣ ኪችን ውስጥ የሚቀለደው ስለዚሁ ነው፣ እኛም ሁለት ሆነን እጅ ለእጅ ተያይዘን ስንወጣ ከመኪና ውስጥ ሲጮህብን እጃችንን ኪሳችን ውስጥ መክተት ተማርን፣ ማንም ቁጭ አርጎ አላስተማረንም፣ በሳቅና በፉጨት ነው የተማርነው። ከዛ ቀጣዩ መጪ ሲመጣ እኛው ሳቅንበት።

ደሞ አሜሪካኖቹም ከጥንት እንዲህ አልነበሩም እኮ። አብርሃም ሊንከን ገና ወጣት ጠበቃ ሳለ በ1837 ስፕሪንግፊልድ ሲገባ አልጋ መግዣ ስላልነበረው ጆሹዋ ስፒድ የሚባል ባለሱቅ ፎቅ ላይ ያለውን አልጋውን አካፈለውና ወደ አራት ዓመት ገደማ አንድ አልጋ ላይ ተኝተዋል፣ በጊዜው ማንም አልገረመውም፣ ወንድ ከወንድ መተኛት የችግርም የወዳጅነትም ነገር ነበር። የዛ ዘመን ፎቶዎች ላይ ወንዶች ጓደኛቸው ጭን ላይ ተቀምጠው፣ እጅ ተያይዘው፣ አንዱ በአንዱ ትከሻ ተደግፎ ነው የምታዩዋቸው። እንግዲህ ከዛ ተነስተው ነው በ2005 ፕሬዚዳንት ቡሽ ቴክሳስ እርሻው ላይ የሳውዲውን አልጋ ወራሽ አብደላን እጁን ይዞ ሲሄድ የቴሌቪዥን ቀልደኛ ሁሉ ስንት ምሽት የተሳለቀው። ሰውየው እንግዳውን በእንግዳው አገር ወግ ነበር ያከበረው፣ የአረብ አገር የሰራ ሰው ይሄን ያውቃል፣ እዛ ዛሬም ወንዶች እጅ ተያይዘው ይሄዳሉ። እኔ ያን ቪዲዮ ባየሁት ቁጥር የሚያሳፍር ነገር ፈልጌ አጣበታለሁ።

ታዲያ አሜሪካ ራሷ ከዛ ቦታ ሄዳለች፣ እኛ ነን ያለንበት ቀርተን ያለነው። እዚሁ ሜሪላንድ በኅዳር 2012 ሕዝቡ በድምጹ የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን አጽድቋል፣ በሰኔ 2015 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ 4 ወስኖ ለመላው አገር ሆነ፣ የጋሉፑ ቁጥርም 27 የነበረው አሁን 70 አካባቢ ደርሷል። ፒው የሚባለው የጥናት ድርጅት በ2019 በትውልድ ከፋፍሎ ሲጠይቅ ከ1928 እስከ 1945 ከተወለዱት አዛውንቶች 45 ከመቶ፣ ከ1981 እስከ 1996 ከተወለዱት፣ ሚሊኒያል ከሚባሉት ደሞ 74 ከመቶው ደግፈዋል፣ ልጆቻችን ከነሱም በኋላ የመጡ ናቸው። የጎረምሶቹን አነጋገር ብቻ ብትሰሙ ይገባችኋል። በሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ የሂፕሆፕ ልጆች ጓደኛቸውን ትንሽ ካሞገሱት ወዲያው "ኖ ሆሞ" ብለው ይጨምሩ ነበር፣ ማለትም ወድጄሃለሁ ግን እንዳትጠረጥረኝ ነው። ዛሬ ልጄ ከጓደኛው ጋ በስልክ አውርቶ ሲዘጋ "ላቭ ዩ ብሮ" ነው የሚለው፣ ያኛውም ይመልስለታል፣ ከዛ ፍሪጅ ከፍቶ ወተቱን ይጠጣል። ምንም አልሆነም። እኔ ሃያ ምናምን ዓመት የማውቀውን ጓደኛዬን ስልክ ስዘጋ "በል እሺ ቻው" ነው የምለው፣ እሱም "እሺ እሺ" ይላል።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚለኝን አውቃለሁ፣ "አንተ ልጆቻችንን ፈረንጅ እንዲወስዳቸው ትፈልጋለህ፣ ባህላችን አይደለም" ነው። እኔ የተዋሕዶ ልጅ ነኝ፣ ቤተ ክርስቲያኔ የምታስተምረውን ለመከራከር አይደለም ብዕር ያነሳሁት፣ ለዛ የሚበቃ እውቀትም ሥልጣንም ያላቸው አባቶች አሉ። ግን ባህል ባህል ካልን እጅ መያዝ ነው ባህላችን፣ እጅ መንጠቁን ነው ከፈረንጅ የተማርነው፣ ያውም ፈረንጁ ራሱ እየተወው ያለውን። ደሞ ሃይማኖት የሚያስተምር ሰው ሰውን መሳለቂያ እያረገ አያስተምርም፣ ቤዝመንት ውስጥ በቢራ የሚወራ ቀልድ ስብከት አይደለም።

በጣም የሚያሳዝነኝ ደሞ ይሄ ነገር ከዚህ ተመልሶ አገር ቤት መግባቱ ነው። አዲስ አበባ ሄጄ የእህቴን ልጅ ከጓደኛው ጋ ሳየው በመሃላቸው ሌላ ሰው የሚያሳልፍ ክፍተት ትተው ነው የሚሄዱት፣ "ምነው ተጣላችሁ?" ስለው "አይ አጎቴ፣ ሰው ቪዲዮ አንስቶ ቲክቶክ ላይ ቢለቀንስ" አለኝ። ልጁ ዝም ብሎ አልፈራም። አገር ቤት በ2004 በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 መሠረት የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት በእስራት ያስቀጣል፣ ፒው በ2007 ሲጠይቅ 97 ከመቶው ኢትዮጵያዊ ኅብረተሰቡ ሊቀበለው አይገባም ብሏል፣ በነሐሴ 2023 ደሞ የአዲስ አበባ አስተዳደር በዚሁ ጉዳይ በሆቴሎችና በመዝናኛ ቤቶች ላይ ዘመቻ ጀምሮ ነበር፣ በዛው ሰሞን ቲክቶክ ላይ የሰው ፎቶ እየለጠፉ ምቱት የሚሉ ቪዲዮዎች ይዞሩ ነበር። እንግዲህ በዚህ ውስጥ ጌይ የሆነው ልጅ መኖሩን አያሳይም፣ ጌይ ያልሆነውም ጓደኛውን አያቅፍም። ሁለቱም ተጎዱ።

ይሄ የሁለተኛው ጉዳት ቀላል እንዳይመስላችሁ። ባለፈው ክረምት አንድ የሥራ ባልደረባችን እናቱ አገር ቤት አርፈው መርዶ ልንነግረው በሌሊት ተሰብስበን ሄድን። ሲሰማ ቆሞ ነበር፣ ጉልበቱ ከዳውና ግድግዳ ይዞ ቀረ። እኛ አሥር የምንሆን ወንዶች ተራ በተራ ትከሻችንን እያስነካን ጀርባውን መታ መታ አርገን "አይዞህ፣ በርታ" እያልን ሶፋ ላይ ተቀመጥን፣ ሁሉም በየፊናው መሬት መሬት ያያል፣ ያ ሰውዬ ብቻውን ቆሟል። ከዛ የጎረቤቱ አዛውንት ገቡና ምንም ሳይሉ ጭንቅላቱን ደረታቸው ላይ አርገው ይዘውት ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ፣ ያኔ ነው ድምጽ አውጥቶ ያለቀሰው። ወንድ ነን፣ የታመመ ጓደኛ ቤት ስንሄድ እንኳ አልጋው ጫፍ ላይ መቀመጥ ጨንቆን ቆመን የምናወራ ስንት አለን። እዚህ አገር በ2021 በተደረገ አንድ ጥናት አንድም የቅርብ ጓደኛ የለኝም ያሉት ወንዶች 15 ከመቶ ናቸው፣ በ1990 ግን 3 ከመቶ ነበሩ፣ በጊዜው የአገሪቱ ዋና የጤና ሐኪም የነበሩት ቪቬክ መርቲም በ2023 ብቸኝነት ጤና እየጎዳ ነው ብለው ይፋ ማስጠንቀቂያ አውጥተዋል። የኛን ሰው ማንም ለብቻ ቆጥሮት አያውቅም ይሆናል፣ ግን በሁለት ሥራ እየተሯሯጠ ቤዝመንት ተከራይቶ ብቻውን የሚኖር ሀበሻ ወንድ ሁላችንም እናውቃለን፣ በሳምንት ውስጥ ሰው የነካው ፀጉር አስተካካዩ ብቻ የሆነ አለ።

ወደ ልጆቹ ልመለስ፣ ዋናው የምጽፍበት ምክንያት እነሱ ናቸው። አንድ የማውቀው ወጣት አለ፣ ቤተሰቡን ስለማውቅ ከዚህ በላይ አልገልጸውም። ጌይ ነው። ለእናቱ የነገራት ኮሌጅ ከገባ በኋላ ነው፣ ለአባቱ አልነገረም። ለምን ብዬ ስጠይቀው ሃይማኖት የሚል መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ያለኝ ይሄን ነው፣ "ቤተ ክርስቲያን የሰማሁትን ሁሉም ሰው ሰምቶታል፣ ለኔ ብቻ አልተባለም። ያስቀረኝ የአባቴ ሳቅ ነው። ዘጠኝ ዓመቴ ሳለ ሳሎን ውስጥ ስለ አንድ ሰውዬ አረማመድ ሲቀልዱ እንባው እስኪመጣ ሳቀ፣ እኔ ውሃ ይዤ በር ላይ ቆሜ ነበር። ከዛ ቀን ጀምሮ አረማመዴን እጠብቃለሁ።" ዘጠኝ ዓመት ልጅ ማለት እኮ ገና ጫማው በቅጡ የማይታሰርለት ነው። አባቱን አውቀዋለሁ፣ ክፉ ሰው አይደለም፣ ለልጆቹ ብሎ ዕድሜውን ሙሉ ሌሊት የሰራ ሰው ነው፣ ልጁ ቢጠፋበት አብዶ ነው የሚፈልገው። ልጁ ከጠፋበት ስንት ዘመኑ እንደሆነ ግን አያውቅም።

እናም በየግብዣው ይሄን ስናወራ ደረጃው ላይ ከተደረደሩት ልጆች የትኛው እንደሚሰማን አናውቅም። ጌይ ባይሆኑም አጠገባቸው የሚቀመጥ ጓደኛቸው ነው፣ አስተማሪያቸው ነው፣ እኛ ስንስቅ እነሱ የሚያውቁት ሰው ላይ ነው የሳቅነው። ከዛ እኛ "ልጆቻችን አማርኛ አይወዱም፣ እኛ ጋ አይቀመጡም" ብለን እናማርራለን። ሲገባቸው የሰሙት ምን እንደሆነ እስኪ አስቡት።

ልጆቹንም የምላቸው አለ፣ ጋዜጣውን ባያነቡም ወላጅ ያንብብላቸው። አባታችሁን በአንድ ቃል "ሆሞፎብ"፣ ጌይ ጠል፣ ብላችሁ በር አትዝጉበት። ያ አባት ወጣት ሳለ ጓደኛው ትከሻ ላይ እጁን ጥሎ ይሄድ የነበረ ሰው ነው፣ እዚህ መጥቶ ነው የደነገጠው። ጠይቁት፣ አገር ቤት ከማን ጋ ነበር የምትሄደው፣ ማን ጋ ነበር የምትተኛው፣ ጓደኛህ ሲሞት ማን አቀፈህ በሉት። ሲያወራ ፊቱን አይታችሁት አታውቁም።

ለእናንተ ለአዘጋጆቹ ጥያቄዬ ቀላል ነው። ያን ቀልድና መሰሎቹን አታውጡ። በወንዶች ግራ መጋባት መሳቅ ከተፈለገ ሞልቶናል፣ ሁለት ሀበሻ ወንዶች ሲገናኙ አንዱ በትከሻ ሲመጣ አንዱ በጉንጭ ሲመጣ መሃል ላይ ግንባር ለግንባር የሚጋጩትን፣ ሁለት ጊዜ ነው ሦስት ጊዜ ነው የምንሳሳመው እያሉ አየር ላይ የሚቀሩትን፣ በዛ ከልጆቻችን ጋ አብረን እንስቃለን፣ ማንም በር ላይ ውሃ ይዞ አይደርቅም። ሁለተኛ፣ ለወጣቶቹ አንድ ዓምድ ስጧቸው፣ በእንግሊዝኛ ቢጽፉም ተርጉማችሁ አውጡላቸው፣ ስማቸውን ያልፈለጉትንም ያለ ስም። የደብዳቤ ገጹ ላይ የሚያወጡት የኔ እኩዮች ብቻ ናቸው፣ አንድም ቀን ከሃያ ዓመት በታች የሆነ ሰው የጻፈው አንብቤ አላውቅም።

ከዚህ ደብዳቤ ላይ ለቦታ ብላችሁ የምትቆርጡት ካለ ስለ ቡሽና ስለ ሊንከን ያለውን ቁረጡት፣ ስለ ወጣቱ ያለውን ግን እንዳለ አውጡልኝ፣ አንብቦ ፈቅዶልኛል። የኔንም ስም አታውጡት፣ ስሜ ከታወቀ የሱ ቤተሰብ ይታወቃል።

አንድ አባት
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ